ባለኮፍያው ደ

ሳንሱሲ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰርኬ፣

እኛ ደህና ነን። ወርቄ ደህና ናት፣ ግፊቷ ወርዶላታል፣ ልጆቹም ይደውላሉ። ከሁላችንም በላይ ደህና የሆኑት ግን አይጦቹ ስለሆኑ ሰላምታዬን እዚህ ላይ ቆርጬ ወደነሱ ልለፍ።

«ማሽኑ አለ ወይ?» ብለሽኛል። አለ። ባልሽ ማኑሄ አዲስ አበባ ሲሠራ መዝሙሮቹን የጻፈበት ያው ኮምፒውተር እዚሁ አስኮ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ነው። ከአዳራሹ በስተኋላ ካለው ዕቃ ቤት፣ ከተሰባበሩ የፕላስቲክ ወንበሮችና ቆዳው ከተቀደደ ከበሮ ሥር አገኘሁት። ክዳኑን ከፈትኩት። አይጥ ወልዳበታለች፣ ያውም ደጋግማ። የመዝሙር ወረቀት ከትፋ፣ በሽንቷ አቡክታ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ጎጆ ቀልሳለች። የሞተውም ያልሞተውም በረሮ አብሯት ይኖራል። ውስጡ ያለው ባትሪ ፈሶ አረንጓዴ ንፍጥ የመሰለ ነገር ዙሪያውን በልቶታል። እጄን በሳሙና ታጥቤ ታጥቤ ሽታው እራት ላይ አብሮኝ ቀረበ።

አይጧን አልቀየማትም፤ አይጥ ናት። የሚያቅለሸልሸኝ ሰዎቹ ናቸው። ይህ ማሽን ሲመጣ እልል ተብሎለታል። ነጭ ሽፋን ተሰፍቶለት፣ ቁልፉ በሽማግሌ እጅ ይያዝ ነበር። ዛሬ በላዩ ላይ የቀለም ቆርቆሮ ደርድረውበታል።

«ታዲያ ለምን ዝም ብለህ ሶኬት ላይ አትሰካውም?» ላልሽው፣ እንዲህ ነው። ይህን ያህል ዘመን የተኛን ማሽን በአንዴ ኤሌክትሪክ ብትለቂበት ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ፓወር ሰፕላይ ይፈነዳል፣ ጽሑፉ ሁሉ ያለበትን ሃርድ ዲስክም ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ እያንዳንዱ ክፍል ይለካል። ከዚያ ነው የሚሰካው። ለዚህ ደግሞ ቤቴ መምጣት አለበት። ይዤው ልውጣ ስል የሚዲያ ክፍሉ ልጆች «የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው» ብለው በር ላይ ቆሙብኝ። ንብረት! የአይጥ ማዋለጃ አድርገውት ሲያበቁ! ሰርቪስ ቤቴ ውስጥ የሰበሰብኳቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ «ቆራሌው» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። እነሱም ለብረቱ የመጣሁ መስሏቸዋል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ማኑሄ ወደ ጌታ ከሄደ ቆየ፤ ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው ማሽኑ የተፈለገው? በስልክ ግማሹን ነግረሽኝ ተጯጩኸን ዘጋን። በወረቀት ጻፊልኝ፣ በወረቀት ስንጣላ ቢያንስ ሰው አይሰማም። ይህንን በሹፌሩ በገሜዳ እጅ ልኬዋለሁ፤ ኦሞን ተሻግሮ ሲመለስ መልሱንም ለሱ ስጪው።

አኩራፊው ወንድምሽ፣
ወንድሙ


ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንዴ፣

ሰላምታ ነፍገኸኝ አይጥ ላክህልኝ። ደብዳቤህን ከምሳ በፊት ነው ያነበብኩት፤ ምሳውን ለጎረቤት ሰጠሁ። ስልኩን የዘጋው ኔትወርኩ ነው ልልህ አስቤ ነበር፣ ግን እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ነገሩ ሁሉ ስለ አንድ ፊደል ነው። እዚህ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት አንድ ላይ ሆነው በቋንቋችን የመዝሙር መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። የማኑሄም ይገባል። በየለቅሶውና በየሰርጉ የሚዘመረው ያ ትልቁ መዝሙሩ መሐሉ ላይ አንድ ቃል አለ። ያ ቃል አንተና እሱ አማርኛ ለሌለው ድምፃችን በሠራችሁት ባለኮፍያው ደ ከተጻፈ «አጠበኝ» ነው፣ በመላጣው ደ ከተጻፈ «አቀፈኝ» ነው። ወደ አማርኛ ስትመልሰው አንዱ «ከቆሻሻዬ አጠበኝ» ሲሆን ሌላው «ከነቆሻሻዬ አቀፈኝ» ይሆናል። እየው እስቲ!

ወጣቶቹ የሚዘምሩት ሁለተኛውን ነው። ያስተማረቻቸው ዋጋነሽ ናት፤ ታውቃታለህ፣ ድሮ አረቄ የምትሸጠዋ፣ ኋላ ጌታን ያገኘችው። «እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው» ትላለች፣ አለቀ። መድረክ ላይ ቆመው እግዚአብሔርን ቆሻሻ ሲያሳቅፉት ይዘገንነኛል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ አንገታችሁን እሹ እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ማኑሄም ሸሚዙን በየቀኑ የሚቀይር ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው «ከነቆሻሻዬ» ብሎ አይጽፍም።

በፍሎፒ ተገልብጦ የመጣው ቅጂ ምንም አልጠቀመኝም። እዚህ ቢሮ በአዲሱ ኮምፒውተር ሲከፍቱት መጀመሪያ የማይነበብ ኮተት ሆነባቸው፤ ወደ አሁኑ ፊደል ሲቀይሩት ደግሞ ሁለቱንም ደ አንድ አደረጓቸው። ኮፍያ የሚባል ነገር ጠፋ። ኮፍያውን የሚያሳየው እዚያ ማሽን ላይ ያለው ፕሮግራም ብቻ እንደሆነ የነገርከኝ አንተው ነህ። ኮሚቴው «ከራሱ ከማሽኑ የታተመ ወረቀት ካመጣሽ እንቀበላለን» ብሎኛል። ሐምሌ ላይ ማተሚያ ቤት ይገባል። እንግዲህ መጽሐፍ አንዴ ከታተመ የልጅ ልጆቻችን ሁሉ ያንኑ ነው የሚዘምሩት።

ስለ ፈቃዱ አትጨነቅ፤ ለፓስተራችሁ ለጌድዮን በራሴ እጅ ጽፌለታለሁ። ማኑሄ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረው ልጅ ስለሆነ እምቢ አይለኝም።

እህትህ ሰርኬ


ሳንሱሲ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ለዚያ ሰው ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት? ምን እንዳልሽው እኔ ልንገርሽ፣ መድረክ ላይ በማይክራፎን አነበበልን። «በዚህ ማሽን ውስጥ ብዙ በረከት ተቀምጧል፤ እባካችሁ ጸልዩበት።» ጸልዩበት! «ስለ ጉዳዩ ጸልዩ» ብትዪ ምን ነበረበት? አስተማሪ አይደለሽም? እነሱ «በት»ን እንዳለች ወሰዷት።

እሁድ ዕለት ማሽኑን ከነአይጥ ጎጆው መድረክ ላይ አወጡት። ነጭ ጨርቅ አነጠፉለት። ሽማግሌዎቹ ከበው እጃቸውን ጫኑበት። ፓስተር ጌድዮን የዘይት ጠርሙሱን ከፈተና ለመቀባት ግንባር ፈለገ፣ ማሽን ግንባር የለውምና ዝም ብሎ በአየር ማስወጫው ቀዳዳዎች ያንቆረቁረው ጀመር። የተረፈችውን ደግሞ በፍሎፒው አፍ ጨመራት። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «ኧረ በጌታ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት መንፈስ የወረደብኝ መስሏቸው ትከሻዬን ይዘው «ተቀበል፣ ተቀበል!» አሉኝ።

ሲያበቃ ሄጄ ፓስተሩን «ምን መሆናችሁ ነው?» አልኩት።

«ጋሽ ወንድሙ፣ እርስዎ ደግሞ ትንሽ እምነት ይኑርዎት» አለኝ ፈገግ ብሎ። ያቺ ፈገግታው! ሚዲያ ላይ የሚወጣባት ናት፣ ቤትም አያወልቃትም።

ዘይቱን አሽትቼዋለሁ። የወጥ ቤት ዘይት ነው። ማሽኑ የሳምቡሳ መጥበሻ መስሏል፤ ዘይት፣ አቧራና የአይጥ ሽንት አንድ ላይ ሆነው በጎኑ ሲወርዱ እያየሁ ሰዎቹ ጣታቸውን እየነከሩ ግንባራቸውን ይቀቡ ነበር። እግዜር ያሳይሽ። 

ብቻ አንድ ነገር ተገኘ። አሁን የተቀደሰ ዕቃ ስለሆነ ለቤተ ክርስቲያኒቱ የምሥረታ በዓል ኤግዚቢሽን ይፈለጋል ተባለ፣ ስለዚህ እኔ ወስጄ አጽድቼ በግንቦት እንድመልስ ፈቀዱልኝ። ጭኔ ላይ አድርጌው በባጃጅ ሳንሱሲ ገባሁ፤ ዘይቱ ሱሪዬን አልፎ እግሬ ድረስ ወረደ። ወርቄ በር ላይ ቆማ ሁለታችንንም ስታይ «የትኛችሁን ነው የማጥበው?» አለችኝ።

ወንድሙ


መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንዴ፣

ይቅርታ። የምጠይቀው ግን ለ«በት» ብቻ ነው፤ ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ አይደለሁም።

የዘይቱን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ኮሚቴው ማሽኑ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ «ወንድሜ ቤት ነው፣ በጥሩ እጅ ነው» አልኩ። ዋጋነሽ ከኋላ ተቀምጣ ትሰማለች። እሁድ ከጸሎት በኋላ ልትስመኝ መጣች፤ በቀጥታ ከጓሮዋ መጥታ እጇ አፈር በአፈር ነው፣ ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይላል። ጉንጬን ሰጠኋትና መሐረቤን አውጥቼ ጠረግሁት። ሳታየኝ አልቀረችም። ትየኝ።

ሃርድ ዲስኩ ድኗል ወይስ አልዳነም? ሌላ ምንም አትጻፍልኝ፣ እሱን ብቻ ንገረኝ። ከዚያ ደግሞ ገሜዳ ስለነገረኝ ሳልህ።

ሰርኬ


ሳንሱሲ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

ሳሌ የአይጥ አቧራ ነው፣ አሁን ማስክ አድርጌ ነው የምሠራው፣ አትስጊ። በዓሉን በሰላም ያድርሰን። ወርቄ ዘንድሮ በግ አልፈልግም፣ ቤቱ የሸተተው ይበቃል ብላለች።

ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ፈታሁት። ዘይቱ ከቆሻሻው ጋር ተላቁጦ ጥቁር ሙጫ ሆኗል። በጥርስ ብሩሽና ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ቀዳዳ በቀዳዳ ፈተግሁት። ጥርስ ብሩሹ የወርቄ ነበር፤ ይህን እሷም ገና አላወቀችም። ከፍሎፒው ውስጥ አንድ በረሮ ዘይት ጠጥቶ እንዳበጠ ሙሉውን ወጣ። እውነተኛ ቅቡዕ ማለት እሱ ነው። ጎጆውን ስነቅል ሥሩ የደረቀ የአይጥ ግልገል ነበረበት፣ በወረቀት ይዤ ስጥለው አስመለሰኝ፣ ሽማግሌ ሰውዬ ጓሮ ቆሜ። የፈሰሰውን ባትሪ ነቅዬ የተበላውን ቦታ በአቼቶ አጠብኩ፣ የባትሪውን መርዝ አቼቶ ነው የሚገድለው። ሰርቪስ ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ፤ ከሁሉም የተሻለው ሽታ እሱ ነበር።

ፓወር ሰፕላዩ አልቆለታል፣ ካሉኝ ማሽኖች ከአንዱ ላይ ወስጄ ተካሁት። ከዚያ የፈራሁት ደረሰ፤ ሃርድ ዲስኩ አልዞር አለ። ሲያረጅ ውስጡ ይጣበቃል። እንዲህ ሲሆን አንድ ዘዴ አለ፣ ከሁሉ በኋላ ብቻ የሚሞከር። ዲስኩን በሁለት እጅ ይዘሽ አልከፈት እንዳለ የጠርሙስ ክዳን ድንገት ታዞሪዋለሽ። ወይ ይነሣል፣ ወይ ለዘለዓለም ይሞታል። ወርቄን ጠርቼ አጠገቤ አቆምኳት። ለምን እንደጠራኋት አላውቅም፣ ብቻዬን መሆን አልፈለግሁም። አዞርኩት።

ተነሣ፣ እትዬ! ሲጥጥ ብሎ፣ አንዴ ተንተባትቦ፣ እንደ ድሮው ማፏጨት ጀመረ። ዓይኔ እንባ ሲያቀር በአልኮሉ አሳበብኩ።

መጀመሪያ ምንም ሳልነካ ዲስኩን ከላይ እስከ ታች፣ ባዶ ቦታው እንኳ ሳይቀር ገለበጥኩት፤ ቅጂውን እኔ ጋ ባለ ተመሳሳይ ማሽን ላይም ጫንኩት። ከዚያ ነው ፕሮግራሙን የከፈትኩት። ባለኮፍያው ደ አለ። እኔና ማኑሄ ነጥብ በነጥብ የሳልነው ያው ፊደል፣ ኮፍያው ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል። ያኔ ላቃናው ስል «ተወው፣ ሰው ኮፍያ ሲያደርግ ቀጥ አድርጎ አይደለም» ያለኝ እሱ ነው። አየሽ፣ እነዚያ ሰዎች የአይጥ ማዋለጃ ያደረጉት ይህንን ነው። በየዓመቱ በዓል ያከብራሉ፣ ኬክ ይቆርሳሉ፣ ቲሸርት ያሳትማሉ፤ ያላቸውን ግን አያውቁትም። ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወረቀቱ አለቀ፣ ገሜዳም ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ስለ ዝናቡ ጻፊልኝ።

ወንድሙ


ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንዴ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አቼቶ አለበት። በረሮ አለበት። የዘንድሮ በግ አለበት። መዝሙሩ የለበትም።

እኔ እኮ ነኝ ያሳደግሁህ። ስትደብቅ ወሬ እንደምታበዛ አውቃለሁ። ኮፍያ አለው ወይስ የለውም?

ዝናቡ ጥሩ ነው።

ሰርኬ


ሳንሱሲ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

የለውም።

ዘይቱ አጥፍቶት ይሆናል እንዳትዪኝ፣ አስቀድሜ አይቼዋለሁ። እዚያው መዝሙር ውስጥ፣ ከዚያው ቃል በላይ ባለው ስንኝ ባለኮፍያው ደ በትክክል ተቀምጧል። ማሽኑ አልተሳሳተም። ማኑሄም ጣቱ አልሳተም፤ ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። ማኑሄ አንዴ የጻፈውን በሌላ ስም እያስቀመጠ እንደገና ይሠራል፣ አሮጌውንም አይጥልም። ኮምፒውተሩ ደግሞ እያንዳንዱ የተቀመጠበትን ቀን ይይዛል። መዝሙሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ክረምት ሊገባ ሲል ነው፣ እዚያ ላይ ባለኮፍያው ደ አለ። «ከቆሻሻዬ አጠበኝ» ነው የሚለው፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው። ክረምቱን ወደናንተ መጥቶ ነበር መሰለኝ። በመስከረም ሲመለስ ማሽኑን ከፈተ፣ ኮፍያውን አነሣ፣ ሌላ ምንም አልነካም። ከዚያ በኋላ ያስቀመጠው ሁሉ «ከነቆሻሻዬ አቀፈኝ» ነው።

ይህን ቀደም ሲል ልጽፍልሽ ነበር። ያን ረጅም ደብዳቤ ስጀምር ለዚሁ ነበር የተቀመጥኩት። እነሱ «አቀፈኝ» ሲሉ አንቺን እንዴት እንደሚቀፍሽ ስለማውቅ እጄ እምቢ አለኝ፣ ስለ በረሮ መጻፍ ቀለለኝ። አዝኛለሁ።

ማሽኑን በሚቀጥለው ሳምንት እመልሳለሁ፣ ቃሌ ነው።

ወንድሙ


ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንዴ፣

እንኳን ነገርከኝ። እኔም አስቤበታለሁ።

የመጀመሪያውን አትምና ላክልኝ። የመጀመሪያውን ብቻ። ውሸት አይደለም፣ የጻፈው እሱ ነው፣ ፊደሉም የእናንተ ነው፣ ኮሚቴውም ያለኝ «ከማሽኑ የታተመ» ነው እንጂ «ከማሽኑ መጨረሻ የታተመ» አይደለም። የሰው እውነተኛ ሐሳቡ መጀመሪያ የሚመጣለት ነው። ኋላ ላይ ማን ምን ብሎት እንደቀየረው አናውቅም። ያኔ አጠገቡ ብሆን ኖሮ አይቀይረውም ነበር።

ዋጋነሽ አፏን ሞልታ እንድትስቅብኝ ነው የምትፈልገው? ማኑሄ ለዚህ አገር የተወው ይህ መዝሙር ነው። በቆሻሻ ተለውሶ አይታተምም። እህትህ ነኝ፣ ብዙ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።

ሰርኬ


ሳንሱሲ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰርኬ፣

ለምን ዘገየህ ብለሽ በገሜዳ በኩል ልከሽብኛል። ተናድጄ ነው። መጀመሪያ ባንቺ፣ ከዚያ በነሱ፣ ከዚያ ሁለታችሁንም መለየት አቃተኝ።

ማሽኑን በቀጠሮው መለስኩላቸው። እየሠራ ነው የመለስኩት፤ አብርቼ፣ ፕሮግራሙን ከፍቼ፣ የማኑሄን ፊደል አሳየኋቸው። ጭብጨባ ነበር። የበዓሉ ዕለት ስገባ በር ላይ አየሁት። ወርቃማ ቀለም ረጭተውታል፣ ከላይ እስከ ታች፣ የቁልፎቹ ፊደላት ሳይቀሩ ተሸፍነዋል። ሆድ ዕቃውን አውጥተው ጥለው፣ መስታወቱን ነቅለው፣ በቦታው ጠፍጣፋ ስክሪን ሰክተውበታል፤ ስክሪኑ ላይ ፓስተር ጌድዮን ይሰብካል። ሥሩ «የቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያዋ ኮምፒውተር» ይላል። ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል። ውስጡ የት ሄደ ስላቸው አንዱ ልጅ «ለቆራሌ ሰጠነው ጋሼ» አለኝ። ለእውነተኛው ቆራሌ። ያን ሁሉ ያሸሁትን፣ ያስመለሰኝን፣ የዳነውን።

ከአይጧ ሽንት በላይ ያ ወርቅ ቀለም ነው የሸተተኝ። አይጧ ቢያንስ ኖራበታለች። ፓስተሩ መጥቶ ትከሻዬን አቅፎ «እንዴት ነው፣ አላማረም?» አለኝ። ክንዱን ከላዬ አነሣሁና ወጣሁ፤ ሁለተኛ እዚያ ደጅ የምረግጥ አይመስለኝም።

ቤት ገብቼ ደብዳቤሽን እንደገና ከፈትኩ። አንቺም የምትዪኝ ይህንኑ ነው። ያማረውን እናስቀር፣ ሆዱን እንጣል፣ ከላይ ወርቅ እንቀባው። ለነሱ ፈርጄ ላንቺ እንዴት ብዬ እሺ ልበልሽ? ብትቆጪኝም፣ ብታኮርፊኝም አላደርገውም። እኔ ያን ሁሉ ቆሻሻ የነካሁት ማኑሄ ያለውን ለማግኘት ነው እንጂ እኛ እንዲል የምንፈልገውን ለማግኘት አይደለም።

ቅጂው ስላለኝ የድሮው ፕሪንተር ላይ አተምኩት። ሁለቱንም፣ ከነቀናቸው፣ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ። ፊቱ የመጀመሪያው ነው፣ ጀርባው የመጨረሻው። መቅደድ ካልሆነ በቀር አይለያዩም። ወረቀቱ ያንቺ ነው፣ የትኛውን ገጽ እንደምታሳዪ አላይሽም። እኔ ግን የምወድሽን ያህል ተቆጥቻለሁ።

ወንድሙ


ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንዴ፣

ወረቀቱ ደርሶኛል። መልስ የነፈግሁህ አኩርፌ ነው፣ አሁን አልፎልኛል ማለትም አልችልም፣ ግን የሆነውን ሌላ ሰው ሳይነግርህ እኔ ልንገርህ።

ኮሚቴው ሐሙስ ተሰበሰበ። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ሐሳቤ ፊቱን ብቻ ላሳይ ነበር። ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ በመዳፌ ተጫንኩት። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ኮፍያውን አዩት። «ይኸው፣ እትዬ ሰርኬ ልክ ነበሩ» አለ ሰብሳቢው። የጠበቅሁት ቃል ነበር። ሲባል ግን ደስ አላለኝም፤ ለስድስተኛ ክፍል ልጅ የፈተናውን መልስ አሳይቼው ጎበዝ እንደተባልኩ ሆነብኝ። አንተ ጓሮ ቆመህ ስታስመልስ ታየኝ። ገለበጥኩትና «ይሄ ግን የኋለኛው ነው፣ ቀኑን ተመልከቱ፣ ኮፍያውን ያነሣው ራሱ ነው» አልኳቸው። ሁለቱንም ከነቀናቸው አነበብኩላቸው። «ከነቆሻሻዬ አቀፈኝ» ተብሎ ይታተማል።

ዋጋነሽ አልሳቀችም። እንድትስቅ ፈልጌ ነበር፣ ብትስቅ ይቀለኝ ነበር። ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጃንጥላ ስላልነበራት አብረን ሄድን። መንገድ ላይ ነው የነገረችኝ። ያን ክረምት ማኑሄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መኪናው ጭቃ ይዞት ቀርቶ በእግሩ ነው የገባው፤ ወባ ጥሎት፣ አስመልሶት፣ ልብሱ ላይ ሌላም ሌላም ሆኖበት፣ ደጇ ወድቆ አገኘችው። አላፊ አግዳሚው አረቄዋን ጠጥቶ የወደቀ መስሎት ረግጦት ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። ታቅፋ አስገባችው። ጉያዋ ውስጥ እንዳለ ደግሞ አስመለሰባት። ሦስት ቀን አስታመመችው፤ እኔ አዲስ አበባ ያለ መስሎኝ እዚሁ፣ ሁለት መንደር አልፎ።

«ምነው ለኔ አልላክሽም?» አልኳት።

«አትላኪ አለኝ» አለች። «‹እንዲህ ሆኜ ሰርኬ ጋ አልገባም፤ መጀመሪያ መታጠብ አለብኝ› አለኝ።»

በክፋት አልነገረችኝም። የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ወንዴ፣ ማኑሄ ሲመጣ ትዝ ይለኛል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ከስቶ። ለምን ከሳህ አላልኩትም። ሸሚዙ እንዴት ጸድቶ ከዚያ ሁሉ መንገድ ደረሰ ብዬም አልጠየቅሁም። ንጹሕ ነበርና ደስ አለኝ።

ቤቴ ስንደርስ ዝናቡ ብሶ ስለነበር ግቢ አልኳት። ገብታ አታውቅም። የበሩ ደፍ ላይ ቆመች፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል፣ ወለሌን አየች፣ ጫማዋን ልትፈታ ጎንበስ አለች። ጣቶቿ አርጅተዋል፣ ማሰሪያው በጭቃ ደርቆ አልፈታ አላት።

ከነጫማሽ ግቢ አልኳት።

ሰርኬ